አፌዥያና ዲስአርትሪያ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ከስትሮክ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ ንግግሩ የታወከበትን ሰው ቤተሰቡ «አንደበቱ ተያዘ» ይለዋል፤ ሆኖም በዚህ አነጋገር ሥር ሕክምናቸው የማይመሳሰል ሁለት ችግሮች አሉ።

አፌዥያ አብዛኛውን ጊዜ በግራው የአንጎል ክፍል ላይ በሚደርስ ጉዳት የሚመጣ፣ ቋንቋን ራሱን የሚነካ ችግር ነው፤ ታማሚው ፍንጃሉን እያየና ለምን እንደሚያገለግል እያወቀ ስሙን መጥራት ያቅተዋል፣ ወይም «ጀበና» ይለዋል፤ ማንበብና መጻፉም አብሮ ሊታወክ ይችላል። በዲስአርትሪያ ግን ቃሉ አልጠፋም፤ የከንፈር፣ የምላስና የጉሮሮ ጡንቻዎች ስለደከሙ ወይም በቅጡ ስለማይታዘዙ ንግግሩ ይኮላተፋል። ስለዚህ የንግግርና ቋንቋ ሕክምና ባለሙያው አፌዥያ ላለበት ሰው ቃል ማውጣትንና መረዳትን፣ ዲስአርትሪያ ላለበት ደግሞ ትንፋሽን፣ የንግግር ፍጥነትንና የድምፅ አወጣጥን ያለማምዳል።

አፌዥያ ያለበትን ሰው (ጆሮው ደህና ነውና) እየጮኹ ወይም እንደ ሕፃን ማናገር አይጠቅምም፤ ዕቃውን እያሳዩ «ቡና ነው ሻይ?» ብሎ ጠይቆ፣ መልሱን ሳይቀሙ መጠበቅ ይሻላል።