የሰመር ፕሮግራም ግራጁዌት ቲኤ ምንድነው?

አሜሪካ ማስተርስ ወይ ፒኤችዲ የሚማር ዘመድ ካላችሁ "ቲኤ ነኝ" ሲል ሳትሰሙ አትቀሩም፣ ሲረዝም ቲቺንግ አሲስታንት ነው። እኛ ጋ ካለው ግራጁዌት አሲስታንት ጋር ብዙ ሰው ስለሚያምታታው መጀመሪያ እሱን እንለይ። እዚህ ጂኤ የሚባለው ዲግሪውን በጥሩ ነጥብ ጨርሶ ዩኒቨርሲቲው የቀጠረው ልጅ ነው፣ ደሞዝተኛ ነው፣ ገና የመጀመሪያው እርከን ላይ ይሁን እንጂ መምህር ነው። የአሜሪካው ግራጁዌት ቲኤ ግን ራሱ ተማሪ ነው፣ ጠዋት ክላስ ገብቶ ይማራል ወይ ሪሰርቹን ይሰራል፣ ከሰዓት የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን ላብ ያሰራል፣ አሳይመንት ያርማል፣ ፈተና ላይ ይቆማል፣ በዛ ፈንታ ብዙ ጊዜ የትምህርት ክፍያው ይሸፈንለትና ለኑሮ የምትሆን ስታይፔንድ ይቆረጥለታል። የተለመደው በሳምንት 20 ሰዓት ነው፣ ወረቀቱ ላይ ማለቴ ነው። ታዲያ ይሄ ሰው ተማሪ ነው ወይስ ሰራተኛ? የሚለው ክርክር እስካሁን አላባራም፣ በፈረንጆቹ 2022 መጨረሻ ላይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቲኤዎችና ተመራማሪዎች 48 ሺህ ገደማ ሆነው ለሳምንታት ስራ ያቆሙት በዋናነት በክፍያ ምክንያት ነበር።

አሁን ላወራ የፈለግኩት ግን ስለ ሰመሩ ቲኤ ነው፣ እሱ ትንሽ ለየት ይላል።

አሜሪካ ትምህርት ሲዘጋ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሃይስኩል ልጆችን ለጥቂት ሳምንት ግቢያቸው አስገብተው ሳይንስና ኢንጂነሪንግ ያስተምራሉ። ከታወቁት አንዱ ኮስሞስ ነው፣ የካሊፎርኒያ ግዛት ምክር ቤት ያቋቋመው፣ 4 ሳምንት የሚፈጅ፣ ዴቪስ፣ ኢርቫይን፣ ሳንዲዬጎ፣ ሳንታ ክሩዝና ሎስ አንጀለስ ባሉት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች የሚሰጥ። ልጆቹ ዶርም ነው የሚያድሩት፣ ክላስተር በሚባል ቡድን ይከፈላሉ፣ አንዱ ክላስተር 20 ምናምን ልጅ ይይዝና ወሩን ሙሉ አንድ መስክ ላይ ይከርማል፣ ሮቦቲክስ በሉት ባዮሜዲካል በሉት አስትሮኖሚ በሉት። ሌክቸሩን ፕሮፌሰሮች ይሰጣሉ፣ ከሃይስኩል የመጣ አስተማሪ ደግሞ ትምህርቱ ለልጆቹ እድሜ እንዲመጥን ያግዛል፣ ማታ ዶርም ላይ የሚጠብቋቸው ሌሎች ናቸው። ፕሮፌሰሩ ተናግሮ ጨርሶ ወደ ላቦራቶሪው ሲመለስ ከልጆቹ ጋር የሚቀረው እንግዲህ ቲኤው ነው።

ስራው ደግሞ ከማስተማሩ በፊት ይጀምራል። ነገ ልጆቹ የሚሰሩትን ሙከራ ዛሬ ማታ ራሱ ሰርቶ ያየዋል፣ ባትሪው ተሞልቷል ወይ፣ ኬሚካሉ ይበቃል ወይ፣ ሶፍትዌሩ ሁሉም ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል ወይ፣ እንዲህ አይነቱ ሰው የማያየው ስራ ብዙ ነው። ከዛ የፕሮጀክቱ ጉዳይ አለ። አብዛኛው እንዲህ አይነት ፕሮግራም መጨረሻ ላይ ልጆቹ በቡድን ሆነው የሰሩትን ያቀርባሉ፣ እና የ16 ዓመት ልጅ መጀመሪያ ይዞ የሚመጣው ሃሳብ ሁሌም ትልቅ ነው፣ "ካንሰርን ቀድሞ የሚለይ ኤአይ እንሰራለን" ይሉሃል በ2 ሳምንት ውስጥ። ሃሳባቸውን ሳይገድል ወደሚቻል ነገር ማውረድ የቲኤው ፈንታ ነው፣ "እሺ፣ መጀመሪያ ይሄን ለህዝብ የተለቀቀ ዳታ እንየው፣ ስንት ምስል አለው፣ ከሱ ውስጥ ስንቱ ነው በትክክል የተለየ" እያለ። በኔ እይታ የቲኤ ችሎታ ከምንም በላይ የሚለካው እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ሪሰርች ሰርቶ የማያውቅ ሰው የትኛው ጥያቄ በ2 ሳምንት እንደሚያልቅ የትኛው 5 ዓመት እንደሚበላ መለየት አይችልም፣ የፒኤችዲ ተማሪ ግን ራሱ ተቃጥሎበታል።

እኛ አገርስ? አለ እንጂ፣ አዲስኮደር። ጄላኒ ኔልሰን የሚባለው፣ በእናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ፣ አሁን በርክሌይ ፕሮፌሰር የሆነው ሰው፣ ኤም አይ ቲ ፒኤችዲውን በጨረሰበት በፈረንጆቹ 2011 ነው አዲስ አበባ ላይ የጀመረው። የሃይስኩል ተማሪዎች ለ4 ሳምንት በነጻ ይማራሉ፣ ብዙዎቹ ኮድ የሚባል ነገር ጽፈው የማያውቁ ናቸው፣ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ከሀ ይጀምሩና ሲጨርሱ ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግና የግራፍ አልጎሪዝሞች ጋ ይደርሳሉ፣ ይሄ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከፍሬሽማን በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። በዚህ ፍጥነት መሄድ የሚቻለው በቲኤዎቹ ነው። ከፊሎቹ ውጭ ካሉ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የሚመጡ የፒኤችዲ ተማሪዎች ናቸው፣ ከፊሎቹ ደግሞ ድሮ ራሳቸው እዛው አዲስኮደር የተማሩ ልጆች።

ላብ ላይ ምን እንደሚመስል አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንይ። የእለቱ ትምህርት ሪከርዥን ነው እንበል፣ ራሱን መልሶ የሚጠራ ፈንክሽን፣ ፈንክሽን ማለት አንድ ስራ የሚሰራ የኮድ ቁራጭ ነው። ልጁ የፊቦናቺን ቁጥር እንዲያሰላ ተሰጥቶታል፣ እያንዳንዱ ቁጥር ከሱ በፊት ያሉት የሁለቱ ድምር ነው። ፊብ የሚል ፈንክሽን ጻፈ፣ አስኬደው፣ ስክሪኑ በኤረር ተሞላ፣ መጨረሻው መስመር ላይ ሪከርዥን ኤረር የሚል አለ። ቲኤው ችግሩ ከሩቅ ታይቶታል፣ ልጁ የት ጋ እንደሚቆም አልጻፈም፣ ስለዚህ ፕሮግራሙ ፊብ 1፣ ፊብ 0፣ ፊብ ነጌቲቭ 1 እያለ ወደ ታች ይወርዳል፣ ፓይተን ደግሞ 1000 ጥሪ አካባቢ ሲደርስ በቃኝ ይላል። እዚህ ጋ ኪቦርዱን ተቀብሎ ሁለት መስመር ጨምሮ መሄድ በጣም ያጓጓል፣ በተለይ ከኋላ ሌሎች አምስት እጆች ተነስተው እያየ። የሰለጠነ ቲኤ ግን ወረቀት ያወጣና "እስቲ አንተ ኮምፒውተር ሁንና ፊብ 2ን አስላልኝ" ይላል። ልጁ በእስክሪብቶ እየወረደ እየወረደ ነጌቲቭ ቁጥር ጋ ሲደርስ ራሱ ቀና ብሎ "እንዴ፣ ይሄ እኮ አያልቅም" ይላል፣ አለቀ፣ ከዛ በኋላ ያቺን ሁለት መስመር የሚጽፋት እሱ ነው።

ግን ቲኤው ገና አልሄደም። "በል አሁን ፊብ 40ን ሞክረው" ይለዋል። ኮምፒውተሩ ዝም፣ ልጁ የተበላሸ ይመስለዋል። አልተበላሸም፣ እየሰራ ነው። ፊብ 6ን ብቻ በዛፍ መልክ ወረቀት ላይ ቢስለው ፊብ 3 ሦስት ጊዜ፣ ፊብ 2 አምስት ጊዜ ተደጋግሞ ሲሰላ ያገኘዋል፣ በጠቅላላው 25 ጥሪ። ፊብ 40 ላይ ጥሪው ከ331 ሚሊዮን ያልፋል። "አንዴ ያሰላኸውን ለምን ደግመህ ታሰላዋለህ?" የምትል አንድ ጥያቄ ብቻ ናት እዚህ ጋ የምታስፈልገው፣ ልጁ መልሱን ሊስት ውስጥ ማስቀመጥ ይጀምርና ያ ሁሉ ሚሊዮን ወደ ጥቂት አስሮች ይወርዳል፣ እንግዲህ ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ የሚባለው ስሙ የሚያስፈራው ነገር መጀመሪያው ይሄ ነው። ፕሮፌሰሩ ይሄንኑ ጠዋት ቦርድ ላይ ተናግሮት ሊሆን ይችላል እኮ። ልጁ ግን የሰማው ከሰዓት ነው።

እኛ አገር ላይ ለቲኤ የሚከብደው ሌላ ነገር ደግሞ አለ። "ገባችሁ?" ስትል ሁሉም በአንድ ድምጽ "አዎ ቲቸር!" ነው። ያልገባው ልጅ እጁን አያነሳም፣ አስተማሪን መድፈር ይመስለዋል ወይ ጓደኞቹ ይስቁብኛል ይላል፣ አሜሪካ ያለው ልጅ ግን ቲኤውን በስሙ እየጠራ "ይሄ ትርጉም አይሰጥም" ብሎ ይከራከረዋል። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ቲኤ "ኤኒ ክዌስችን?" ብሎ ጸጥታውን ሰምቶ ገብቷቸዋል ብሎ ካለፈ ጉድ ሆነ። እዚህ የሚሰራው ወንበሩን ስቦ አጠገቡ ቁጭ ብሎ "እስቲ ለኔ አስረዳኝ" ማለት ነው። ድሮ ተማሪ የነበሩት ቲኤዎች የሚበልጡት በዚህ ይመስለኛል፣ ያ "አዎ ቲቸር" የቱ እውነተኛ እንደሆነ የቱ ለይሉኝታ እንደሆነ ከፊት ያነቡታል፣ ሲያስፈልግም በልጁ ቋንቋ ጣል ያደርጉለታል።

አሜሪካ ላይ ማመልከት ለምታስቡ ስለ ህጉ በአጭሩ። ተማሪዎቹ ከ18 ዓመት በታች ስለሆኑ ከመቀጠራችሁ በፊት የኋላ ታሪካችሁ ይጣራል፣ አሻራም ልትሰጡ ትችላላችሁ፣ ስልጠና ይሰጣችኋል። ከአንድ ልጅ ጋር በር ዘግቶ ብቻችሁን መቀመጥ፣ በግል ሶሻል ሚዲያ መጻጻፍ፣ እነዚህ የተከለከሉ ናቸው ብላችሁ ያዙት። ልጅ ላይ ጥቃት መድረሱን ከጠረጠራችሁ የማሳወቅ የህግ ግዴታ የሚመጣበት ቦታም አለ፣ ካሊፎርኒያ አንዷ ናት። አበሻ ቤት ያደገ ሰው "የሰው ቤት ጉዳይ ውስጥ ምን አገባኝ" ሊል ይችላል፣ እዛ ግን አይሰራም።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ብዙ የፒኤችዲ ተማሪ ክፍያው ለ9 ወር ብቻ ነው፣ ሰመር ላይ ይደርቃል፣ ስለዚህ ለብዙዎች ይሄ ስራ የማስተማር ፍቅርም የቤት ኪራይም ጉዳይ ነው። ሀብታም አያደርግም። ሲቪ ላይ ግን ጥሩ ይቀመጣል፣ በተለይ በኋላ ማስተማር ለሚፈልግ። ማስታወቂያው ብዙ ጊዜ ከሰመሩ ወራት ቀድሞ ስለሚወጣ ክረምቱ እስኪገባ መጠበቅ አያዋጣም። ኤፍ ዋን በሚባለው የተማሪ ቪዛ ላይ ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ፣ ትምህርት ባለበት ጊዜ ግቢ ውስጥ መስራት የሚፈቀደው በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው፣ በእረፍት ወራት ግን ሙሉ ሰዓት ይቻላል፣ ይሄ የሚሰራው ግን የራሳችሁ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲሆን ነው። ፕሮግራሙ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ሌላ ፈቃድ ስለሚጠይቅ የግቢያችሁን የኢንተርናሽናል ተማሪዎች ቢሮ ሳታናግሩ ኮንትራት እንዳትፈርሙ።