ደራሽ ጎርፍ ምንድን ነው?

"ደራሽ" የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ፊት አለው። አንደኛው የሚወደድ ነው፤ "ደራሽ የለኝም" የሚል ሰው በጭንቁ ጊዜ ፈጥኖ የሚመጣለት ወገን አጥቷል። ሁለተኛው የሚፈራ ነው፤ ደራሽ ውኃ፣ ደራሽ ጎርፍ። ሁለቱም "ደረሰ" ከሚለው የወጡ ናቸው፣ ሁለቱም ሳይታሰቡ ከተፍ ይላሉ። አንዱ ሊያነሳ ይመጣል፣ ሌላው ሊወስድ። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ቃሉን አስቀድሞ የሚያውቀው በሁለተኛው ፊቱ ነው። ከተማው የብዙ ቋንቋ ከተማ ስለሆነ ጎረቤት በኦሮምኛ "ሎላ"፣ በሶማልኛ "ዳድ" ብሎ ሲጮህም መተርጎም አያስፈልግም። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ይሮጣል።

ደራሽ ጎርፍ ዝናብ በጣለ በደቂቃዎች ወይም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሞልቶ፣ በዚያው ፍጥነት የሚጎድል ጎርፍ ነው። የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ብዙውን ጊዜ ከዝናቡ እስከ ጎርፉ ያለው ጊዜ ከ6 ሰዓት ሲያንስ በዚህ ስም ይጠሩታል። አዋሽ በአፋር ሜዳ ላይ ሞልቶ ሲተኛ ጉዳቱ ቀላል አይደለም፤ ግን ያ ቀስ ብሎ የሚመጣ ጎርፍ ነው። ከብት ለማሸሽ፣ እህል ለመጫን ጊዜ ይሰጣል። "ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው" የሚለው ተረት የተነገረው እንደዚያ ላለው ወንዝ ይመስለኛል። የድሬዳዋው ወንዝ ደቻቱ ግን አያሳስቅም።

ደቻቱን ላላየ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። በካርታ ላይ ወንዝ ነው፤ ከተማዋን ለሁለት ከፍሎ በአንድ ወገን ባቡር ጣቢያውንና ቀጥ ቀጥ ያሉትን የከዚራ ጎዳናዎች፣ በሌላው ወገን መጋላን ያስቀምጣል። በዓይን ሲታይ ግን የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ሰፊ የአሸዋ ሜዳ ነው። ግመል ይነዳበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ አሸዋ ይጫንበታል፣ እስከ ድልድዩ ዞሮ መሄድ የሰለቸው በእግሩ ያቋርጠዋል። እንግዳ ሰው "ወንዙ የታለ?" ብሎ ሲጠይቅ "ገና አልመጣም" የሚል መልስ ቢሰማ ቀልድ ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን ከዚህ የተሻለ ትክክለኛ መልስ የለም።

የሚመጣው ከላይ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፣ ሐረር ደግሞ 1,885 ሜትር ገደማ ላይ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሆኖም የደንገጎን ጠመዝማዛ ወጥቶ፣ ሐረማያን አልፎ ሐረር የገባ መንገደኛ ሌላ አገር የደረሰ ይመስለዋል። በሐምሌ ድሬዳዋ ጥላ ስር በሽርጥ የተቀመጠው ሰው በዚያው ቀን ማታ ሐረር ላይ ጋቢ ይፈልጋል። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ራሱ ይህንን ተረተር ወጥቶ ሐረር መግባት ከብዶት በ1895 ዓ.ም. ከሥሩ ቆሟል። ከተማዋ የተወለደችው እዚያ ነው፤ በመጀመሪያ "አዲስ ሐረር" ይሏት ነበር። ባቡሩን ያቆመው ዳገት ውኃውን ደግሞ ያንደረድረዋል።

ክረምት ላይ የሚሆነው እንዲህ ነው። ቀን የጋለው መሬት እርጥቡን አየር ሽቅብ ይሰደዋል፤ ተረተሩም ከሥሩ ሆኖ ይገፋዋል። አየሩ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ደመናው ይቆለላል፣ ከሰዓት በኋላ ወይም ሲመሽ ይፈነዳል። ይህ ዓይነቱ ዝናብ ጠባብ ነው፤ አንዱን ኮረብታ ሲያጥብ የሚቀጥለውን በአቧራው ይተወዋል። ስለዚህ ደንገጎ ላይ ሰማዩ ሲቀደድ ድሬዳዋ ላይ ኮከብ ሊታይ ይችላል። በደረቅ አሸዋ ላይ የቆመ ሰው አንዲት ጠብታ ሳይነካው ውኃ ይወስደዋል። የሚወስደው የሌላ ሰው ዝናብ ነው።

"የሌላ ሰው" ስል ግን የማን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሐረር ከተማ ላይ የጣለ ዝናብ ድሬዳዋ አይመጣም፤ በኤረር ወንዝ በኩል ወደ ዋቢ ሸበሌ ተፋሰስ ይወርዳል። ውኃው የሚለያየው ከተረተሩ ጫፍ ላይ ነው። ከጫፉ ወዲህ፣ ማለትም ከደንገጎና ከአካባቢው ኮረብቶች በሰሜን ፊት ያለው ሁሉ ወደ ድሬዳዋ ያዘነብላል፤ ወዲያ ያለው ጀርባውን ይሰጣል። ሐረር ያለ ወዳጅ "ዛሬ እዚህ ዶፍ ነው" ብሎ ቢደውል ለድሬዳዋ ሰው ብዙም አይነግረውም። ደንገጎ ያለ ሰው ሲደውል ግን መነሳት ነው። አክስቴ እዚያ ትኖራለች። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ስልኳ ከመጣ እናቴ ሰላምታ አትጠብቅም፤ አክስቴም አትሰጣትም። "እቴ፣ እዚህ ሰማዩ ጠቁሯል፣ ልጆቹን ሰብስቢ" ትልና ትዘጋለች። ካርድ ላለመጨረስ ነው ብለን እንስቅባት ነበር።

የውኃውን ብዛት ለመገመት የሂሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ነው። 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ100 ካሬ ኪሎ ሜትር ኮረብታ ላይ ቢወርድ 3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይሆናል። ግማሹ መሬት ሰርጎ ቢቀር እንኳ የተረፈው 10 ሺህ ሊትር በሚይዝ ቦቴ ለማመላለስ 150 ሺህ ጊዜ ያስኬዳል። ይህ ሁሉ የሚወርደው በአንድ ጠባብ ደረቅ ወንዝ፣ በአንድ ማታ ነው። በሰከንድ 3 ሜትር የሚሄድ ጎርፍ 20 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ ሁለት ሰዓት አይሞላበትም፤ ገደላማው ላይ ደግሞ ከዚህም ይፈጥናል። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የጣለ ዝናብ ሰው እንቅልፍ ሲጥለው ይደርሳል ማለት ነው።

ግማሹ ይሰርጋል ያልኩት ለጋስ ሆኜ ነው። ኮረብታው ዛፉን ካጣ ቆይቷል፤ አፈሩ ስስ ነው፣ ቁልቁለቱ ስለታም ነው። ለወራት በፀሐይ የደረቀ መሬት ፊቱ እንደ ሸክላ ጠንክሮ የመጀመሪያውን ዝናብ አይቀበልም፤ ይመልሰዋል። ስለዚህ ከድርቅ በኋላ የሚመጣው ዝናብ ከሁሉ የከፋ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ለማመን የሚቸገር ሰው ብዙ ነው። የወንዙ አሸዋ በበኩሉ የመጀመሪያውን ውኃ ይጠጣና ግንባሩን ያዘገየዋል፤ ከኋላ ያለው ይደርስበታል፤ ጭቃው፣ ግንዱና ድንጋዩ ከፊት ይከማቻል። በመጨረሻ የሚታየው ቀስ እያለ የሚሞላ ውኃ አይደለም፣ የሚራመድ ግድግዳ ነው።

አሁን ወደ ወቅቱ። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ክረምት ሰኔ 26 ይገባል፣ መስከረም 25 ይወጣል። ሰማዩ ግን ቀን መቁጠሪያ አይሰቅልም። (ፈረንጆች በበረዶ የሚያሳልፉት ወቅት በትርጉም "ክረምት" ይባላል እንጂ እኛ ዘንድ የሚውለው በበጋ ነው፤ ድሬዳዋ ላይ ይህ ትርጉም በተለይ ያስቃል።) ምሥራቁ ደግሞ የራሱ አመል አለው። ዝናብ የሚያገኘው ሁለት ጊዜ ነው፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ በበልግ፣ ከዚያም ከሐምሌ እስከ መስከረም በክረምት። በመካከል ያለው ግንቦትና ሰኔ የሙቀቱ ጣሪያ ነው። ስለዚህ "ክረምት ሲገባ እንጠነቀቃለን" የሚል ሰው ግማሹን ብቻ ነው የተጠነቀቀው። ሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ላይ ደራሽ ጎርፍ ድሬዳዋ ውስጥ ሰው ገድሏል፤ ያ በልግ ነበር።

የዓመቱ ድምርም አያስተማምንም። ድሬዳዋ በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የምታገኘው፤ ለደጋ ሰው ይህ ለዝናብ ሊቆጠር የማይገባ ነገር ነው። እንደ 2007 ዓ.ም. ኤልኒኞ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ከልክ በላይ መሞቅ) ክረምቱን ሲያዳክመው ደግሞ በተረተሩ ላይ ያለው ገበሬ ሚያዝያ ላይ የዘራው ማሽላ ከእጁ ያልፋል። ጎርፉ ግን የዓመት ድምር አይጠይቅም። አንድ መጥፎ ማታ ይበቃዋል። አንድ ዓመት በድርቅ የሚነገርለት፣ በዚያው ዓመት በጎርፍ የሚለቀስበት ከተማ መኖሩ እርስ በርሱ የሚጋጭ የሚመስለው ዝናብን በመጠን ብቻ ለሚለካ ሰው ነው። እዚህ የሚለካው በፍጥነቱ ነው።

ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ዓ.ም. የሆነውን ድሬዳዋ ላይ ማስታወስ አያስፈልግም። ከላይ የወረደው ጎርፍ ሰው በተኛበት ደርሶ ከ250 በላይ ሕይወት ወሰደ፤ ብዙዎች ሳይገኙ ቀሩ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቤታቸውን አጡ። ከዚያ ወዲህ ከተማው ዘመን ሲቆጥር "ከጎርፉ በፊት"፣ "ከጎርፉ በኋላ" ይላል። "የትኛው ጎርፍ?" የሚል የለም።

በዜና ላይ ሁሌ "ድንገተኛ ጎርፍ" ይባላል። ከዚህ ቃል ጋር ጠብ አለኝ። ደንገጎ ላይ በሩ ላይ ቆሞ ዝናቡን ላየው ሰው ድንገተኛ አይደለም፤ ከሰዓታት በፊት አይቶታል። ድንገተኛ የሚሆነው ሳይነገረው ለቀረው ነው። የማስጠንቀቂያ ሥራ የሚባለው ሁሉ፣ የቱንም ያህል መሣሪያ ቢኖረው፣ መሠረቱ አክስቴ የምታደርገው ነገር ነው፤ ላይ ያለው ዓይን ታች ላለው ጆሮ ውኃው ሳይቀድመው ይነግራል። ተረተሩ ላይ የዝናብ መለኪያ ይተከላል፤ በአጭር ጊዜ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ወደ ከተማው ይደወላል፤ ከተማው ደግሞ በድምፅ ማጉያ፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን፣ በሰፈር ሰው ያሰራጫል። ከሰንሰለቱ አንዱ ቀለበት ከተበጠሰ የቀረው ሁሉ ብረት ነው። ሌሊት ስልኩን የሚያነሳው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከመለኪያው ዋጋ ይበልጥብኛል።

ስልክ ያልደረሰው ሰው ጆሮውን ይጠቀማል። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲንከባለል ከሩቅ እንደሚመጣ ከባድ መኪና ያጉረመርማል። ነፋሱ ከላይ የረጠበ አፈር ሽታ ይዞ በደረቁ አሸዋ ላይ ይመጣል። ቡናማ፣ አረፋ የደፈቀ፣ ቅጠልና ፍግ የተሸከመ ቀጭን ውኃ አሸዋውን እየላሰ ሲታይ ደግሞ የሚቀረው ደቂቃ ነው። በዚህ ጊዜ በወንዙ ቁልቁል መሮጥ ከንቱ ነው፤ ውኃው ይቀድማል። ወደ ጎን፣ ወደ ዳገቱ ነው። ዕቃ ለማንሳት የተመለሰ ሰው ታሪክ በየሰፈሩ አለ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ፍጻሜ አለው።

ለመሻገር የሚቸኩል ደግሞ ይህን ይወቅ። የሚሮጥ ውኃ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ብቻ ኖሮት አዋቂ ሰው ሊጥል ይችላል። 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ አውቶሞቢል ያንሳፍፋል፣ 60 ሴንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ፒካፑን ጨምሮ ይወስዳል። ባጃጅን ከየትኛው እንደምንመድበው ባለባጃጆቹ ይፍረዱ። የውኃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ በዚያ ላይ ጭቃ የተሸከመ ውኃ ከንጹሕ ውኃ ይከብዳል።

ከ1998ቱ በኋላ በወንዙ ዳርና ዳር ግንብ ተሠርቷል፣ ድንጋይ በሽቦ መረብ ታስሮ ጋቢዮን የሚሉት ተደርድሯል። ግንቡ ጥሩ ነው። ግን ግንብ ውኃውን ከቤት ያርቃል እንጂ አያሳንሰውም። የሚያሳንሰው ላይ ያለው ሥራ ነው፤ እርከኑ፣ ክትሩ፣ የሚተከለው ዛፍ። እዚያ የሚደክመው ሌላ፣ እዚህ የሚድነው ሌላ መሆኑ ነው ነገሩን የሚያከብደው። ዳገት ላይ ያለው ገበሬ ለማያውቀው የመጋላ ሰው ሲል መሬቱን በእርከን የሚቆርሰው ለእሱም አፈሩ ሲተርፍለት ነው፤ ለእሱ የማይተርፍ እርከን ሁለተኛ ክረምት አይሻገርም።

ይኸው ውኃ ጠላት ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። ድሬዳዋ የምትጠጣው ከመሬት በታች ነው፤ ሳቢያን በሚባለው ሰፈር ያሉት ጉድጓዶች የቆሙት ከዳገቱ ወርዶ በሚሰርግ ውኃ ላይ ነው። ደረቁ ወንዝ ውኃውን እያጣራ ወደ ታች ያሳልፋል። ከከተማው ያለፈው ወደ ሽንሌ ሜዳ ወርዶ አሸዋው ውስጥ ይጠፋል፤ በመንገዱ ላይ ያለ አርብቶ አደር ከብቱን ያጠጣበታል፣ ሣር ይበቅልበታል። የሐረማያ ሐይቅ ደርቆ ሐረር ስትጠማም መፍትሔ የተፈለገው ከዚሁ ከቆላው ነው፤ በድሬዳዋ አካባቢ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ውኃ በሞተር እየተገፋ፣ ባቡሩ ያልወጣውን ዳገት ወጥቶ ሐረር ገብቷል።

ጎርፉ በመጣ በማግስቱ ጠዋት ደቻቱ ዳር ብትቆሙ ውኃው የለም። ጭቃው ገና አልደረቀም፤ የተነቀለ ግንድ አለ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ነጠላ ጫማ አለ። እኩለ ቀን ሳይሆን አዲስ የወረደውን አሸዋ የሚጭኑት መኪኖች ገብተዋል። ልጆቹም የጎል ድንጋዮቻቸው ስለተወሰዱ ሌላ እየፈለጉ ነው።