ፊካ፦ የአንድ የፖርቱጋልኛ ግስ ትርጉምና የዕለት ተዕለት አገልግሎት

«ፊካ» ፖርቱጋልኛ «ፊካር» ብሎ ከሚጠራው ግስ የሚገኝ፣ የሦስተኛ መደብ ነጠላ የአሁን ጊዜ ቅርጽ ሲሆን፣ በዐውዱ መሠረት «ይቀራል»፣ «ይቆያል»፣ «ይሆናል» ወይም «ይገኛል» ተብሎ ይፈታል። የግሱ ሥር መትከልን የሚያመለክተው የላቲኑ «ፊጌሬ» ነው።

መንገደኛ መድኃኒት ቤት ሲፈልግ «ኦንጂ ፊካ አ ፋርማሲያ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከስፍራው ለማይነቃነቅ ሕንፃ ወይም ከተማ ይህ ግስ ይመረጣል፣ ለሰውና ለሚዘዋወር ዕቃ ግን «ኢስታ» (አለ) ይባላል። «ፊካ ኔርቮዞ» የተረጋጋው ሰው መናደዱን፣ «ፊካ ሴም አጉዋ» ደግሞ ውኃ አልቆበት መቅረቱን ይገልጻል። ግሱ የለውጡን ፍጻሜ እንጂ ሂደቱን ስለማይናገር፣ ይህን ያህል በአንድ ቃል መሸከሙ የቋንቋው ታላቅ ጸጋ ነው። የአማርኛው «ቀረ» ለዚህ ቢቀርብም፣ ሳይመጣ የቀረን ሰው መግለጹ ግን ከእርሱ ይለየዋል።

ግሱ በታሪክ የገነነው በመጀመሪያ መደብ ቅርጹ፣ በ«ፊኮ» (እቀራለሁ) ነው። የፖርቱጋል ንጉሥ ዡዋው ስድስተኛ በ1821 እ.ኤ.አ. ከብራዚል ወደ ሊዝበን ሲመለሱ ልጃቸው ፔድሮ በሪዮ ዴ ጃኔይሮ እንደራሴ ሆኖ ቀረ። የሊዝበን ምክር ቤት (ኮርቴስ) ልዑሉ እንዲመለስ ባዘዘ ጊዜ፣ እንዳይሄድ የሚጠይቅ፣ ከ8,000 በላይ ፊርማ የሰፈረበት ልመና በከተማዪቱ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት በዡዜ ክሌሜንቺ ፔሬይራ እጅ ቀረበለት። ጃንዋሪ 9 ቀን 1822 እ.ኤ.አ. ልዑሉ ለሁሉም በጎነትና ለሀገሪቱ ደስታ ከሆነ ዝግጁ መሆኑን ገልጾ፣ «እቀራለሁ» ብላችሁ ለሕዝቡ ንገሩ አለ። የመጀመሪያው ማስታወቂያ መልሱን በለዘበ አነጋገር በማተሙ ትክክለኛ ቃላቱ ያከራክራሉ፤ ውሳኔው ግን የሚያጠራጥር አይደለም። ከስምንት ወር በኋላ፣ ሴፕቴምበር 7፣ ብራዚል ነጻነቷን አወጀች፤ ልዑሉ «እቀራለሁ» ያለበት ጃንዋሪ 9 ግን እስከ ዛሬ «ዲያ ዱ ፊኮ»፣ የፊኮ ቀን፣ እየተባለ ይጠራል።

«ፊካ» ትእዛዝም ነው። ሰዋስው «ቮሴ» (አንተ ወይም አንቺ) ተብሎ ለሚጠራ ሰው «ፊኪ» እንዲባል ቢያዝዝም፣ በብራዚል ንግግር «ፊካ» ከማንኛውም አፍ ይሰማል፤ ይህን ስህተት ብሎ መፈረጅ ሕያዋን ተናጋሪዎችን ዘንግቶ መጽሐፍን ብቻ ማመን ይሆናል። ተሰናባቹም «ፊካ ቤም» ሲል እንደኛው «ደህና ሁን» ይመርቃል፤ ይኸው ሐረግ ለልብስ ሲነገር ግን «ያምርብሃል» ማለት ነው።