ልጁን የሚከተል ሶፍትዌር፦ የምንሳሳትባቸው ነገሮችና እውነታው

በፕላዝማ የተማረ ሰው ያስታውሰዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የተጀመረው የሳተላይት ትምህርት ማንንም አይጠብቅም ነበር። የገባውም ያልገባውም ተማሪ እኩል ይሮጣል። መምህሩ እንኳ «አንዴ ልድገምላችሁ» ብሎ ሊያስቆመው አይችልም።

አዳፕቲቭ የሚባለው የትምህርት ቴክኖሎጂ የዚህ ተቃራኒ ነው። የተማሪውን መልስ እያየ ቀጥሎ ምን እንደሚያቀርብለት ይወስናል። አሁን አሁን ወላጆችም ትምህርት ቤቶችም ስለ እሱ ይጠይቃሉ። የሚወራው ግን ብዙው ልክ አይደለም። ገንዘባችንንና የልጆቻችንን ጊዜ ከማፍሰሳችን በፊት ቢጠራ ጥሩ ነው።

«ልጁ በማየት ይሁን በመስማት የሚማረው ለይቶ ያስተምረዋል»

በጣም የተስፋፋው ስህተት ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት ባልደረቦቹ በጉዳዩ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ፈትሸው ነበር። ልጆችን «በማየት የሚማር»፣ «በመስማት የሚማር» ብሎ ከፋፍሎ ማስተማር ውጤት እንደሚያሻሽል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኙም። ልጆች የሚወዱት አቀራረብ ይኖራቸዋል። ጂኦግራፊ ግን ለማንም ካርታ ይፈልጋል፣ ዜማም ለማንም ጆሮ ይፈልጋል። ሶፍትዌሩ ሊለይ የሚገባው ልጁ እስካሁን ምን እንደሚያውቅና የት ላይ እንደተደናቀፈ ነው። ሻጩ ስለ «የመማር ስልት» ብቻ ካወራላችሁ ተጠራጠሩ።

«ሲመልስ ከባድ፣ ሲሳሳት ቀላል ጥያቄ መስጠት ነው፤ በቃ»

እንደዛ ብቻ ቢሆን ብዙም ባልጠቀመ። አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ 1/2 + 1/3 = 2/5 ብላ ጻፈች እንበል። ጓደኛዋ ደግሞ 4/6 ብሎ ጻፈ። ሁለቱም ተሳስተዋል። እሷ ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደምራለች፤ የጋራ ታህት ለምን እንደሚያስፈልግ ገና አልገባትም። እሱ ግን ታህቱን በትክክል ስድስት አድርጎ 3 እና 2 ሲደምር ነው የሳተው። ለሁለቱም «ቀለል ያለ ጥያቄ» መስጠት ለማናቸውም አይጠቅምም። እሷ ከሥር ማስረዳት ያስፈልጋታል። ለእሱ «እስቲ መልሰህ ደምር» ይበቃዋል። ጥሩ ፕሮግራም ይህን ልዩነት ያያል።

ሌላም አለ። አራት ምርጫ ያለው ጥያቄ ላይ የማያውቅ ልጅም በግምት ከአራት አንዴ ይመታል። የሚያውቀውም ቸኩሎ ይስታል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ አልበርት ኮርቤትና ጆን አንደርሰን ሁለቱንም የሚያስገባ ስሌት አዘጋጁ። ዛሬም በሰፊው ይሠራበታል። በምሳሌ እንየው። ፕሮግራሙ «ልጁ ይህን የማወቅ ዕድሉ 50 በመቶ ነው» ብሎ ጀመረ። በግምት የመምታት ዕድሉ 25፣ እያወቀ የመሳት ዕድሉ 10 በመቶ ይሁን። ልጁ አንዴ ሲመልስ 50 የነበረው ወደ 78 ይወጣል። ቢስት ወደ 12 ገደማ ይወርዳል። 78 «አወቀ» ለማለት አይበቃም። ብዙ ጊዜ 95 እስኪደርስ ጥያቄው ይቀጥላል።

ይህ ጥንቃቄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የኔታ ሀሁን የጨረሰውን ልጅ አቡጊዳ ሲያስቆጥሩት ያው ነው። በተራ ሲሆን አፍ ይለምደዋል። ተራው ሲፈርስ ግን ፊደሉን የለየና ቃናውን ብቻ የያዘ ይታወቃል። ያልለየው አይሻገርም፤ የለየው ደግሞ እሱን ቆሞ አይጠብቅም።

«የሰው ሠራሽ አስተውሎት አዲስ ፈጠራ ነው»

ጄይሚ ካርቦኔል ስለ ደቡብ አሜሪካ ጂኦግራፊ ከተማሪ ጋር የሚጠያየቅ ፕሮግራም የሠራው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ጀርመናዊው ሰባስቲያን ላይትነር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 በካርድና በሳጥን ብቻ የሚሠራ ዘዴ አስተዋወቀ። የመለስከው ካርድ ዘግይቶ፣ የሳትከው ቶሎ ይመለሳል። መብራት እንኳ አይፈልግም።

«መምህሩን ይተካል»

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በዚህ እምነት ነው።

ራንድ የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም አንድ የአልጀብራ ሶፍትዌርን በሰባት ክፍለ ግዛቶች፣ በ147 ትምህርት ቤቶች ፈትኗል። በመጀመሪያው ዓመት የታየ ለውጥ የለም። በሁለተኛው ዓመት ግን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውጤቱ ከፍ አለ። ከመቶ ተማሪ 50ኛው ቦታ ላይ የነበረ ልጅ 58ኛው ላይ እንደመድረስ ማለት ነው። ሶፍትዌሩ ያው ነው። እንደ እኔ እምነት የተለወጠው መምህራኑ በእሱ መሥራትን መልመዳቸው ነው።

ሕንድ ውስጥ ዴልሂ ላይ የተሞከረው ማይንድስፓርክ የተባለ ሶፍትዌር ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። ከትምህርት ሰዓት ውጪ በማዕከላት የሚሰጥ ነበር። የስድስተኛ ክፍል ልጆቹ በሒሳብ በአማካይ ሁለት ክፍል ተኩል ወደ ኋላ ቀርተው ነበር። መጽሐፋቸው ከአቅማቸው በላይ ሆኖ ነው ክፍል ውስጥ የሚቀመጡት። በቀን 90 ደቂቃ ይማራሉ፤ ግማሹ በኮምፒዩተር፣ ግማሹ ከረዳት መምህር ጋር በትንሽ ቡድን። ከአራት ወር ተኩል በኋላ በሒሳብም በሂንዲም ግልጽ መሻሻል ታየ። ከመምህር ጋር ያሳለፉትን ግማሽ ቆርጦ ጥሎ ኮምፒዩተሩን ብቻ የሚገዛ ሰው የገዛው ሌላ ነገር ነው።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አንረሳም። ክፍተቱ 12ኛ ክፍል ላይ አልተፈጠረም። ልጁ ከስንተኛ ክፍል ጀምሮ ወደ ኋላ እንደቀረ ቶሎ ለመምህሩ የሚያሳይ መሣሪያ ቢኖር ትልቅ እገዛ ነው።

«ኢንተርኔት ከሌለ አይታሰብም»

ማላዊ ውስጥ በሶላር የሚሞላ ታብሌት ያለ ኢንተርኔት በቺቼዋ ቋንቋ ማንበብና ሒሳብ ያስተምራል። የልጁ መልስ እዚያው ታብሌቱ ላይ ይሰላል።

«አካባቢን ያገናዝባል ማለት ልጁን በካሜራ ይሰልላል ማለት ነው»

አይደለም። አንዳንዱ ሶፍትዌር ልጁ ያለበትን ሁኔታ አይቶ ትምህርቱን ያመቻቻል፤ ለዚህ ግን ሰዓቱን፣ ኔትወርኩን፣ ስልኩን ማወቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ታክሲ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ክለሳ፣ ማታ ቤት ሲሆን ረዘም ያለ ትምህርት። ፊትን እያነበበ «ልጁ ተሰላችቷል» የሚል ነገር ግን አለ፤ የአውሮፓ ኅብረት ከየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በትምህርት ቤቶች ከልክሎታል። እኛም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን። የልጃችሁ መረጃ የት እንደሚቀመጥ የመጠየቅ መብታችሁን ተጠቀሙበት።

«እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ ካዞርነው አለቀ»

አላለቀም። አንድ ልጅ «ጸሀይ» ብሎ ጻፈ። ሶፍትዌሩ የሚያውቀው «ፀሐይ»ን ብቻ ነው። ስህተት ብሎ መዘገበበት፤ ዕድሉ ከ50 ወደ 12 ወረደ፤ ልጁም ወደሚያውቀው ትምህርት ተመለሰ። የሀ፣ የሐ፣ የኀ ጉዳይ፣ የሰና የሠ ጉዳይም እንዲሁ። ማላላትና ማጥበቅ የሚለውጠው ትርጉም ደግሞ ጽሑፉ ላይ ጭራሽ አይታይም፤ ድምፅ የሚያስቀርጽ ፕሮግራም «አለ» እና «አለ»ን መለየት አለበት። እነዚህን ነገሮች የሚያውቀው የአማርኛ መምህር ነው። ፕሮግራሙ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ «እስቲ እየው» ከሚባል፣ ገና የመጀመሪያው ጥያቄ ሲዘጋጅ ይጠራ።