የወንዙ ውሃ የማን ነው?

«ወንዙ በመሬቴ ስለሚያልፍ የኔ ነው» የሚል ክርክር ብዙ ጎረቤት አጣልቷል። ሕጉ ግን እንዲያ አይልም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 የአገሪቱን ውሃ በሙሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት አድርጎታል። ግለሰብ የሚያገኘው የመጠቀም መብት ነው።

«ፈቃድ» ሲባል ገበሬው ይደነግጣል። አይደንግጥ። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ ባህላዊ መስኖ፣ ባህላዊ ከብት እርባታ፣ የውሃ ወፍጮ፣ እነዚህ ፈቃድ አይጠየቅባቸውም። ለሰፊ ዘመናዊ እርሻ ወንዝ የሚጠልፍ ባለሀብት ግን ማውጣት አለበት።

ፈቃድ ስላለውም ሌላውን ማስጠማት አይችልም። አንቀጽ 7 ለቤት ውስጥ ፍጆታ ከማንኛውም አገልግሎት በፊት ቅድሚያ ይሰጣል። ለእኔ የአዋጁ ልብ ይህ ነው። በጋው ሲከርና ወንዙ ሲሳሳ፣ ቀበሌም ሄዳችሁ ሆነ ወረዳ፣ መጀመሪያ ይህንን አንቀጽ አንሱ።