ጁዲሻል ሪቪው ምንድን ነው? የትምህርት ፈቃድ ላይ የተጣላች አስተማሪ ፍርድ ቤት ሄዳ ምን ልታገኝ ትችላለች

ጁዲሻል ሪቪው (የፍርድ ቤት ክለሳ) ማለት አንድ የመንግስት አካል የወሰነውን ነገር ፍርድ ቤት አይቶ "ይሄ በህጉ መሰረት ነው የተወሰነው ወይስ አይደለም" የሚልበት መንገድ ነው። ውሳኔው ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለውን ሳይሆን እንዴት ተወሰነ የሚለውን ነው የሚያየው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው። ዳኛው ቢያዝንላችሁ እንኳ በመስሪያ ቤቱ ቦታ ገብቶ የጠየቃችሁትን ፈቃድ ሊሰጣችሁ አይችልም።

በአስተማሪዎች ጉዳይ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ስለሚታይ ጎረቤታችን ኬንያን እንውሰድ። እዛ የመንግስት ትምህርት ቤት አስተማሪን የሚቀጥረው፣ የሚያዛውረው፣ የሚያሳድገውም የሚቀጣውም አንድ አካል ነው፣ የአስተማሪዎች አገልግሎት ኮሚሽን ይባላል፣ ስልጣኑም እኤአ የ2010ሩ ህገ መንግስት አንቀጽ 237 ላይ ተቀምጧል። ከ300,000 በላይ አስተማሪ ያስተዳድራል። ቀጣሪው አንድ ብቻ ሲሆን ደግሞ ከሱ ጋር የተጣላ አስተማሪ ጓዙን ይዞ ወደ ሌላ የመንግስት ትምህርት ቤት መሄድ አይችልም፣ ስለዚህ ውሳኔውን የሚጠይቅበት ቦታ በጣም ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ናኩሩ ውስጥ ያለች የሂሳብ አስተማሪ አለች እንበል። ማስተርስ ልትማር ዩኒቨርሲቲ ተቀበላት፣ የትምህርት ፈቃድ ፎርም ሞላች፣ ዳይሬክተሩ ፈርሞበት ወደ ኮሚሽኑ ተላከ። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ መልስ የለም፣ ምዝገባው ሊዘጋ ሆነ፣ እሷም ዳይሬክተሩ እስካወቀው ድረስ ችግር የለውም ብላ ሄደች። ከዛ ደሞዝ ቆመ፣ ቀጥሎ "ስራ ጥለሽ ጠፍተሻል" የሚል የዲሲፕሊን ክስ፣ መጨረሻ ላይ ስንብት። እዚህ ውስጥ ሁለት ቅሬታ አለ፣ አንዱ "ፈቃዱ ይገባኝ ነበር" የሚል ነው፣ ሌላው "ሳልሰማ ነው የተባረርኩት" የሚል። በክለሳ መንገድ ጉልበት ያለው ሁለተኛው ነው።

ምክንያቱም የኬንያ ህገ መንግስት አንቀጽ 47 ማንኛውም ሰው ፈጣን፣ ህጋዊ፣ ምክንያታዊና በስነስርአቱ ፍትሃዊ የሆነ አስተዳደራዊ ውሳኔ የማግኘት መብት አለው ይላል፣ መብቱን የሚነካ ውሳኔ ከሆነም ምክንያቱ በጽሁፍ ሊሰጠው ይገባል። እኤአ በ2015 የወጣው ዝርዝር ህግም ቀድሞ ማሳወቅን፣ የመሰማት እድልን፣ የቀረበበትን ማስረጃ ማየትን ጨምሮበታል። ስለዚህ ዳኛው የሚጠይቀው ክሱ ደርሷታል ወይ፣ መልስ የምትሰጥበት በቂ ጊዜ ነበራት ወይ፣ ኮሚሽኑ ራሱ ያወጣውን ደንብ ተከትሏል ወይ፣ ማመልከቻዋ ያለመልስ መቆየቱን ሲወስን አይቶታል ወይ የሚለውን ነው። የትምህርት ፈቃድ ፎርም ስለሞላህ ብቻ የሚሰጥ ነገር አይደለም፣ ኮሚሽኑ የሂሳብ አስተማሪ የለኝም ክፍሉ ባዶ ይቀራል ብሎ መከልከል ይችላል፣ ተማሪዎቹም እኮ መብት አላቸው። ግን እምቢ ካለ እምቢታውን በጊዜው ጽፎ ይስጥ! ሰው ዝም ተብሎ ቆይቶ በኋላ ጠፋህ ሲባል በጣም ያማል።

ፍርድ ቤቱ የሚሰጠው ትእዛዝ በዋናነት ሶስት አይነት ነው። ሰርሾራሪ የተወሰነውን ይሰርዛል፣ ፕሮሂቢሽን ገና ሊደረግ ያለውን ይከለክላል፣ ማንዳመስ ደግሞ መስሪያ ቤቱ ህግ የጣለበትን ግዴታ እንዲፈጽም ያዛል። ማንዳመስ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የኬንያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እኤአ በ1997 በአንድ የፈተና ውጤት ስረዛ ክርክር እንዳብራራው ግዴታው ለመስሪያ ቤቱ ምርጫ የተተወ ከሆነ በዚህ መንገድ ፈጽም ብሎ ማዘዝ አይቻልም። በኛ አስተማሪ ጉዳይ ሲታይ ፍርድ ቤቱ "ለማመልከቻዋ መልስ ስጡ" ሊል ይችላል፣ "ፈቃድ ስጧት" ግን አይልም። ስንብቱ ቢሰረዝም ኮሚሽኑ በትክክለኛው ስርአት እንደገና ሰምቶ እንደገና ሊያሰናብታት ይችላል፣ ይሄን ቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው።

አሁን ኬዝ የሚያበላሹት ነገሮች። ኮሚሽኑ ውስጥ የዲሲፕሊን ውሳኔን የሚከልስ ኮሚቴ አለ፣ እሱን ዘሎ በቀጥታ ፍርድ ቤት የሄደ ሰው የተለየ ምክንያት ካላሳየ ይመለሳል። ጊዜ ደግሞ አለ፣ በተለመደው መንገድ ውሳኔ ለማሰረዝ የሚቀርብ አቤቱታ መጀመሪያ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይጠየቅበታል፣ ይሄም ውሳኔው ከተሰጠ በ6 ወር ውስጥ ነው፣ መስሪያ ቤት እየተመላለሱ እያለ ሳይታወቅ ያልቃል። ሌላው የመንገድ ምርጫ ነው፣ ክለሳ በዋናነት በመሃላ ቃልና በሰነድ የሚታይ ስለሆነ "ዳይሬክተሩ በቃል ፈቅዶልኛል፣ አይ አልፈቀድኩም" አይነት ክርክር ምስክር ስለሚፈልግ እዛ ላይ አይመችም። ለሱ የሚሻለው እኤአ በ2007 በወጣው የቅጥር ህግ መሰረት ተራ የስራ ክስ ነው፣ ያለአግባብ ተሰናብቻለሁ ብሎ እስከ 12 ወር ደሞዝ ድረስ ካሳ መጠየቅ ይቻላል፣ ጊዜውም 3 አመት ነው። ሁለቱም በዋናነት የሚታዩት የቅጥርና የስራ ግንኙነት ፍርድ ቤት ነው፣ ደረጃውም ከከፍተኛው ፍርድ ቤት እኩል ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ ሀሳቡ እንግዳ አይደለም፣ የፌዴራል የአስተዳደር ስነስርአት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መስሪያ ቤቶች የሚሰጡት ውሳኔ በፍርድ ቤት እንዲከለስ መንገድ ከፍቷል። የመንግስት ሰራተኛ የስራ ክርክር ግን የራሱ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አለው፣ ከመደበኛው ፍርድ ቤት በፊት የሚኬደውም እዛ ነው። የግል ትምህርት ቤት አስተማሪ ከሆናችሁ ደግሞ ቀጣሪያችሁ የመንግስት አካል ስላልሆነ ክለሳ የሚባለው ነገር አይመለከታችሁም፣ የእናንተ ጉዳይ በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚታይ ተራ የስራ ክርክር ነው።