የግቢ ኩሬ በጅማ፦ ወጪውና ጣጣው

የግቢ ኩሬ ለዓይን ማረፊያ፣ ለአሣ ወይም ለጓሮ አትክልት ማጠጫ ተብሎ በመኖሪያ ግቢ የሚቆፈር ትንሽ የውሃ ማቆሪያ ነው። ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ መንግሥት በዘመቻ መልክ በየገጠሩ የቤተሰብ ኩሬ ሲያስቆፍር ነበር። ብዙዎቹ ውሃ አልይዝ አሉ፤ የወባ ስጋትም አስነሱ። ዛሬ ከተማ ውስጥ ኩሬ የሚያምረው ሰውም የሚገጥመው ይኸው ነው።

ጅማ ለኩሬ የተፈጠረች ትመስላለች። ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ሆና በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። አወይቱ ወንዝ መሃሏን ያቋርጣል፤ ከዳር የቦዬ ረግረግ አለ። ጣጣው ያለው አፈሩ ላይ ነው። ቀዩ አፈር ሸክላማ ስለሆነ ውሃ ይይዛል ይባላል፤ እውነቱ ግን ደህና አድርጎ ያሰርጋል። ቡናው የወደደውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ማታ ሞልቶ፣ ጠዋት ማየት ይበጃል። ከጎደለ ንጣፍ የግድ ነው። ዝቅ ባሉት ሰፈሮች ደግሞ ክረምት ላይ የከርሰ ምድር ውሃ ከሥር እየገፋ ንጣፉን እንደ ፊኛ ያነሳዋል።

ዋጋው ዛሬና ነገ ስለማይገጥም በብር ሳይሆን በመጠን ማስላት ይሻላል። 3 ሜትር በ2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኩሬ እንውሰድ። የሚወጣው አፈር 3.6 ሜትር ኪዩብ ነው፤ ሲቆፈር ስለሚያብጥ ከ4 ይበልጣል። ቆፋሪው ሒሳቡን ተቀብሎ ሲሄድ ክምሩ በር ላይ ይቀራል። ማስወጫውን አብሮ መዋዋል ነው እንግዲህ። ለንጣፍ ጂኦሜምብሬን የሚባለው ወፍራም ፕላስቲክ ይመረጣል። ጥልቀቱን በሁለቱም በኩል፣ ለጠርዙም 30 ሳንቲ ሜትር ሲጨምሩ 4.8 በ3.8 ሜትር ያስፈልጋል። ከሥሩ አሸዋ ወይም አሮጌ ጆንያ ካልተነጠፈ ድንጋይ ይበሳዋል። ስስ ላስቲክ ይረክሳል፤ ፀሐይ ግን ቶሎ ታነክተዋለች። በፌሮና በሲሚንቶ ማሠራትም ይቻላል። ዋጋው ይከብዳል፤ አዲስ ሲሚንቶም አሣ ስለሚገድል ሁለት ሦስቴ ሞልቶ መድፋት ያስፈልጋል።

ይህ ኩሬ የሚይዘው 3,600 ሊትር ነው፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 180 መሆኑ ነው። ክረምት ላይ ግድ የለም። 50 ካሬ ሜትር ጣሪያ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብበት እስከ 500 ሊትር ያወርዳል፤ አሸንዳ ብቻ ይኑር። የሚያስጨንቀው በጋው ነው። በቀን 4 ሚሊ ሜትር ቢተን እንኳ በየቀኑ ከአንድ ጀሪካን በላይ መጨመር ሊኖርበት ነው። ቧንቧው በፈረቃ ለሚመጣበት ቤት ይህ ቀልድ አይደለም። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው አሣ ካለ ከመጨመሩ በፊት በሰፊ ዕቃ አንድ ሁለት ቀን ይደር።

ወባን በተመለከተ የሚያስፈራው ያለቀለት ኩሬ ሳይሆን የተጀመረው ነው። በኢትዮጵያ ዋናዋ የወባ አስተላላፊ ትንኝ ትናንሽ፣ ፀሐይ የሚያገኛቸውን ጊዜያዊ ኩሬዎች ትወዳለች፤ ከእንቁላል እስከ መብረር ሁለት ሳምንት ገደማ ነው የሚፈጅባት። ግማሹ ተቆፍሮ ገንዘብ ያለቀበት ጉድጓድ ለእሷ ድግስ ነው። ኩሬው ካለቀ በኋላ የትንኟን እጭ የሚለቅም አሣ ይገባበታል። ቆሮሶ (ቲላፒያ) ሁነኛ ነው፤ በጊልጌል ጊቤ ግድብ ውሃም አለ። ከ20 ዲግሪ በታች ግን ዕድገቱ ይዘገያል፤ የጅማ ሌሊት ደግሞ ይበርዳል። መራባቱም አይጣል ነው። ወንዶቹን ብቻ፣ አሥር ገደማ ማስገባት ይበቃል። ለዚህ ቁጥር ውሃው ውስጥ አየር የሚያስገባ ፓምፕ አያስፈልግም። ፓምፕ ያለው ብዙ አሣ አጭቆ ሳለ ሌሊት መብራት ሲጠፋ ጠዋት የሚያየው ደስ አይልም።

አበባው አማረ ብሎ እምቦጭ ማምጣት ደግሞ በጭራሽ የለም። ጣናን ምን እንዳደረገው አይተናል። ቄጤማ በቂ ነው። አቮካዶ ሥር መቆፈርም አይመከርም፤ ቅጠሉ እየበሰበሰ ውሃውን ያጠቁረዋል። ከሽንት ቤት ጉድጓድም መራቅ፣ ቢቻል ከእሱ ከፍ ማለት አለበት።

ትንሽ ልጅ ባለበት ግቢ 60 ሳንቲ ሜትር ውሃ ሊገድል ይችላል። የሽቦ አጥርና ልጅ የማይከፍተው መዝጊያ ከመጀመሪያው ሒሳብ ውስጥ ይግቡ፤ ለአጥሩ የሚሆን ካልተረፈ ቁፋሮው ይቆይ።